ዝም ያሰኘሁት ማስጠንቀቂያ

ከሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኔ አብዛኛውን ያሳለፍሁት ከመሬት ተነሥቶ በማያውቅ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ይህን ስናገር ደባርቅ ውስጥ የሚስቁ አሉ። ጡረታ ወጥቼ ወደ አገሬ በተመለስሁ ሰሞን ጎረቤቴ አጥሩን ተደግፈው፣ "እንግዲህ ትርንጎ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የማይበር አውሮፕላን ስትጠግኚ ኖርሽ ማለት ነው?" አሉኝ። እሳቸውም ጡረተኛ ናቸው፤ የታሪክ መምህር ነበሩ።

"አዎ ጋሼ" አልኋቸው። "የሚበረው ሲበላሽ አብራሪው ራሱ ይጮኻል። የማይበረው ሲበላሽ የሚጮኽለት የለም። እኔ የተቀጠርሁት ለዚያ ነው።"

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። አብረውኝ የሠሩት ደግሞ "ትርንጎ አስቸጋሪ ናት" ይላሉ። እውነት ነው፣ አስቸጋሪ ነበርሁ። የሚቆጨኝ አስቸጋሪ መሆን ሲገባኝ ያልሆንሁበት አንድ ቀን ነው። ይህን የምጽፈው እሱን ለመሸፈን ሳይሆን በገዛ እጄ ለመግለጥ ነው። የሠራሁበትን ማሠልጠኛ ስም አልጠራም። ፈርቼ አይደለም፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ሌሎች ሰዎች ስለሆኑ ነው።

የተወለድሁት ዳባት ነው። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። አንዲት ምልክት የሳተ ተማሪ ዜማውን ከመነሻው እንዲጀምር ያደርጉት ነበር፤ "ከሳትህበት ጀምር" ብለው አያውቁም። ከጎንደር የኤሌክትሮኒክስ ዲፕሎማዬን ይዤ ስመለስ "ይህ የሽቦ ትምህርት ዜማ አለው?" ብለው ጠየቁኝ። የለውም አልኋቸው። ተሳስቼ ነበር።

መጀመሪያ የተመደብሁት ከደባርቅ ወጣ ብሎ ከፍታ ላይ ባለ የስልክ ማስተላለፊያ ጣቢያ ነው። ጣቢያው በባትሪ ይሠራል፤ የባትሪው ውኃ ሲቀንስ ደወል ይደውላል። ደወሉ ክፉ ነበር፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር፣ ብርድ በገባ ቁጥር ይንጫረራል። አለቃዬ የነበሩት የቀድሞ ወታደር አንድ ቀን ካልሲያቸውን አወለቁና በደወሉና በመምቻው መካከል ወተፉት። "አሁን ሰው ሆንን" አሉ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ባትሪዎቹ ደርቀው ተገኙ፤ ደባርቅም ጃናሞራም አራት ቀን ያለ ስልክ ዋሉ አደሩ። ያን ጊዜ በካልሲው ሳቅሁ እንጂ ምንም አልተማርሁበትም።

ከዚያ ጥቂት ዓመት ጎንደር የሬዲዮ መሣሪያዎች ጥገና ላይ ቆየሁ። ቀጥሎ አዲስ አበባ አንድ የግል የአብራሪዎች ማሠልጠኛ ቴክኒሻን ሲፈልግ ተወዳደርሁና ገባሁ። ደመወዙ ከጎንደሩ እምብዛም አይበልጥም ነበር። የወሰደኝ ሲሙሌተሩ ነው። ሲሙሌተር ማለት የአውሮፕላን አፍንጫ ብቻ ተቆርጦ በስድስት ረጃጅም የብረት እግሮች ላይ የተቀመጠ ነው በሉት። ውስጡ ሙሉ የአብራሪ ክፍል ነው፤ መሪው፣ መለኪያዎቹ፣ ወንበሩ ሁሉ እውነተኛ ነው። በመስኮቱ የሚታየው ሰማይና ምድር ግን በኮምፒውተር የተሣለ ነው። እግሮቹ ሲያዘነብሉት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሆዱ ይገለበጣል። መጀመሪያ ቀን ወጥቼ አስመልሻለሁ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ተገኘ ናቸው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው። ማናቸውንም ሣጥን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ ሰዓታቸውንና ቀለበታቸውን አውልቀው ከኪሳቸው ይከታሉ። ከዚያ መፍቻ ይይዛሉ ብላችሁ ስትጠብቁ የአብራሪው ወንበር ላይ ይቀመጡና ብልሽቱ የተመዘገበበትን በረራ ከመነሣት እስከ ማረፍ ራሳቸው ያበሩታል። በጉልበታቸው ላይ ጥቁር ልባስ ያለው ደብተር አለ። ሦስት ነገር ይጽፉበታል፦ መሣሪያው ምን አለ፣ መቼ አለ፣ ያን ጊዜ እኛ ምን እያደረግን ነበር።

አንድ ጊዜ ጎማው ሳይወጣ ሊያርፉ ሲሉ የሚያስጠነቅቀው ጥሩምባ ጎማው ወጥቶም ይጮኽ ጀመር። ከእኛ ቀድመው ያዩት ጠጋኞች ጥሩምባውን ሁለት ጊዜ ቀይረውት ነበር። ጋሽ ተገኘ ሦስት ቀን ሙሉ እያነሡ አሳረፉት። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን አዙረው አሳዩኝ፤ ጥሩምባው የጮኸው ሲሙሌተሩ ወደ ግራ ባዘነበለ ጊዜ ብቻ ነው። ከግራው እግር ሥር ያለውን ገመድ ስንፈታው መሰኪያው ውስጥ አንዲት መርፌ ላልታ አገኘን።

"ውሸታም ጥሩምባ" አልሁ እየሳቅሁ።

ጋሽ ተገኘ አልሳቁም። "ማስጠንቀቂያ አይዋሽም" አሉኝ። "የነገሩትን ነው የሚደግመው። ሲያበዛብሽ፣ ይህን ማን ነገረው ብለሽ ጠይቂ። አፉን አትያዥው።"

ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠራን። ዓይናቸው እየደከመ ሄደና ጡረታ ወጡ። ደብተሩን ሰጡኝ፤ የጥገናው ኃላፊነትም ለእኔ ሆነ።

እሳቸው በወጡ በዓመቱ ማሠልጠኛው አዲስ የበረራ መስመር ጨመረ። ቱሪስት የሚያመላልሱ ትንንሽ የአውሮፕላን ኩባንያዎች አብራሪዎቻቸው በሰሜን ተራሮች አጠገብ መብረር እንዲለማመዱ ፈልገው ነበር። መስመሩ ከአክሱም ይነሣል፤ በአዲ አርቃይ አድርጎ የሊማሊሞን ገደል ይሻገራል፤ ከዚያ ከደመና በታች የመኪናውን መንገድ እየተከተለ በደባርቅና በዳባት አድርጎ ጎንደር ይወርዳል። ለእኔ የአገሬ መንገድ ነው፤ በመስኮቱ ላይ ሲሣል ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታዬ አንድ ሳምንት አልቆየም። በአውሮፕላኑ ውስጥ መሬት የሚጠብቅ ኮምፒውተር አለ። የምድሩን ካርታ በካሬ በካሬ ቆርጦ ይዟል፤ በእያንዳንዱ ካሬ አንድ ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ በካሬው ውስጥ ካለው መሬት ከሁሉ የላቀው ከፍታ ነው። አውሮፕላኑ ወደ ከፍታ እየተጠጋ ከሆነ ኮምፒውተሩ "ቴሬን! ቴሬን! ፑል አፕ!" እያለ ይጮኻል፤ መሬት ነው፣ ቀና በል እንደማለት ነው። ይኸው ድምፅ በአዲሱ መስመር ላይ ከሊማሊሞ ጀምሮ እስከ ዳባት ድረስ አላቋርጥ አለ። አውሮፕላኑ መንገዱ ላይ ነው፣ ከፍታው ትክክል ነው፣ በመስኮቱ ሜዳው ይታያል፤ እሱ ግን ይጮኻል። አሠልጣኞቹ "የሰሜን ዘፈን" ብለው ስም አወጡለት።

አለቃችን አቶ ዳንኤል ክፉ ሰው አልነበሩም። ጨዋ፣ ልብሰ ንጹሕ፣ የሚሠራውን የሚያከብሩ ነበሩ። አንድ ዓርብ ወደ ክፍሌ መጡ።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ ሠልጣኞቹን ራስ ምታት ይዟቸዋል። አሠልጣኞቹ በጩኸቱ መሐል መነጋገር አልቻሉም።"

"ምክንያቱን ልፈልገው። ሦስት ሳምንት ይስጡኝ።"

"ሰኞ አዲስ ክፍል ይገባል። ማፈኛው ለዚህ አይደል የተሠራው?"

ማፈኛው በየአውሮፕላኑ ላይ ያለ ቁልፍ ነው። አብራሪው አውቆ፣ አስቦ፣ ለአንድ ጊዜ ይጫነዋል። ሌት ተቀን ተጭኖ እንዲኖር አልተሠራም። ይህን አውቃለሁ። አቶ ዳንኤልም ባያውቁት እንኳ እኔ ብነግራቸው ይሰሙ ነበር ብዬ ዛሬ አስባለሁ። ግን ደክሞኝ ነበር፤ አዲስ ኃላፊም ነበርሁ፤ "ሴትዮዋ አልቻለችም" መባልን ፈራሁ። በአሠልጣኙ ኮምፒውተር በኩል ገብቼ በሰሜኑ መስመር ላይ ማስጠንቀቂያው ለዘለቄታው እንዳይሰማ አደረግሁት። በብልሽት መዝገቡ ላይ "ተስተካክሏል" ብዬ ጻፍሁ። ፈረምሁ።

ሰኞ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ዋለ። አሠልጣኞቹ እጄን ጨበጡኝ። ለሠልጣኞቹም፣ "እዚያ አካባቢ በእውነተኛውም አውሮፕላን ከጮኸ ካርታው ነው፤ አትደንግጡ" ይሏቸው እንደነበር ቆይቼ ነው የሰማሁት።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ናሆም መጣ። ከእኛ ዘንድ ሰልጥኖ በአንድ ትንሽ ኩባንያ ረዳት አብራሪ የሆነ የሠላሳ ምናምን ዓመት ሰው ነው። የደንብ ልብሱን እንደለበሰ የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ተቀመጠ።

"እትዬ ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት። የሰሜኑ መስመር ካርታ በእውነት ስሕተት ነበረው?"

"ምነው?"

"ባለፈው ሳምንት ስድስት እንግዳ ይዘን ከአክሱም ወደ ጎንደር ስንመጣ ያለ ወቅቱ ደመና ወረደብን። ደባርቅን አልፈናል፤ ከመንገዱ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብለን ነበር፤ አላወቅንም። ማስጠንቀቂያው ጮኸ። እጄ ሳላስበው ወደ ማፈኛው ሄደ። ለካፒቴኑ ምን እንዳልኩት ያውቃሉ? 'ይቺ የሰሜን ዘፈን ናት' አልኩት። ተጫንኩት።"

"ከዚያስ?"

"ካፒቴኑ ሽማግሌ ነው። እኛ ዘንድ አልሠለጠነም። እጄን በቡጢ መታኝና መሪውን ወደ ደረቱ ሳበው። ደመናው ሲከፈት በስተታች አውድማ አየሁ። በሬዎቹ ያበራያሉ። አንድ ሰው መንሹን እንደያዘ ቀና ብሎ አየን። ፊቱን አየሁት እኮ እትዬ ትርንጎ።"

"የት ላይ ነው?"

"ከዳባት በላይ፣ በስተምሥራቅ ያለው ኮረብታ።"

ኮረብታውን አውቀዋለሁ። የእናቴ ዘመዶች እርሻ እዚያ ነው። እኔም ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

"ካርታችን ስሕተት ነበረው" አልሁት። "ስሕተቱ ምን እንደሆነ ግን አልፈለግሁም። ድምፁን ነው ያጠፋሁት። ተስተካክሏል ብዬም ፈርሜያለሁ።"

"ፈርመሻል?" አለኝ። ያ ትሑት ሰው አንቱታው ከአፉ ወደቀ። "ሳታስተካክዪ ፈርመሻል?"

"ፈርሜያለሁ።"

ተነሥቶ ሄደ። ደኅና ዋይም አላለኝ። አልፈረድሁበትም።

በማግስቱ ጋሽ ተገኘ ቤት ሄድሁ። ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም ነበር፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። አንድም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ያጽናኑኛል ብዬ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

"ደብተሩ ላይ ምን ጻፍሽ?" አሉኝ።

"ደብተሩ ላይ ምንም አልጻፍሁም። መዝገቡ ላይ ብቻ ነው።"

"አንድ ጊዜስ አበረርሽው? ከመነሣት እስከ ማረፍ?"

"አላበረርሁትም።"

ጋሽ ተገኘ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ብርሃን መለሱ። "እንግዲህ ሄደሽ ፊርማሽን አንሺ" አሉኝ። "ሌላ የምልሽ የለኝም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው አስቸጋሪ የሆንሁት። በነጋው ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ገባሁና የብልሽት መዝገቡን ከፈትሁ። ከዚያ ከአሮጌው ፊርማዬ አጠገብ "አልተስተካከለም፤ ዝም ነው ያሰኘሁት" ብዬ ጻፍሁና እንደገና ፈረምሁ። ቀጥሎ በሲሙሌተሩ በር ላይ ቀይ ካርድ ሰቀልሁ። ቀይ ካርድ የተሰቀለበት ሲሙሌተር ሰቃዩ ካላወረደው ወይም ራሱ ካልፈቀደ በቀር ለሥልጠና አይከፈትም፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ስምንት ሠልጣኝ በር ላይ ቆሞ ነበር።

አቶ ዳንኤል ሲመጡ ፊታቸው ቀልቷል። ቢሮ አስገቡኝና በሩን ዘጉ።

"ይህ ምንድን ነው?"

ናሆም የነገረኝን ነገርኋቸው። ሰሙኝ፤ ደነገጡም። ከዚያ ግን እንዲህ አሉ፤ "የሰሜኑን መስመር ብቻ እናቁም። ሌላው ሥልጠና ይቀጥል። መዝገቡን ደግሞ... የጻፉትን ገጽ በሌላ እንተካው። ተቆጣጣሪ ቢያየው ማሠልጠኛውን ያዘጋል።"

"ገጹ አይወጣም።"

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ የራስዎ ጥፋት ነው እኮ የተጻፈው። የምከላከለው እርስዎን ነው።"

"የራሴ ስለሆነ ነው የማይወጣው። ሌላም አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሠለጠኑት አሥራ ስድስት ሰዎች ናቸው። ዝርዝራቸውን ይዤያለሁ። ሁሉም ተጠርተው እንደገና እስኪሠለጥኑ ካርዱ አይወርድም።"

"እነሱን በየት አገኛቸዋለሁ? ማንስ ኩባንያ ሰዉን ይልክልኛል? ምን ብዬ ነው የምጠራቸው?"

"ያስተማርናችሁ ስሕተት ነበር ብለው።"

ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። ሁለት ሳምንት ፈቃድ እንድወስድ፣ ስመለስ እንድንነጋገር አዘዙኝ። ፈቃዱን በደስታ ወሰድሁ። ካርዱን ግን አላወረድሁትም፤ እሳቸውም አላወረዱትም። ይህን ለክብራቸው እናገራለሁ።

ጓዜን ስሸክፍ ናሆም መጣ። በእጁ ትንሽ የቦታና የከፍታ መለኪያ ይዟል፤ አብራሪዎች ለጥንቃቄ በኪሳቸው የሚይዙት ዓይነት ነው። "ቀይ ካርድ ሰቀሉ አሉ" አለኝ። አንቱታው ተመልሷል። "ይህን ይዘው ይሂዱ። ባትሪው ሙሉ ነው።"

ከመሄዴ በፊት የኮምፒውተሩን ካርታ በወረቀት አትሜ፣ ካሬዎቹን በእርሳስ አስምሬ ይዤ ነበር። በሰሜኑ መስመር ላይ ወዳሉት ቦታዎች ራሴ ሄጄ እውነተኛውን ከፍታ ለካሁ። መጀመሪያ ዳባት፣ አባቴ ያስተምሩበት በነበረው ቤተ ክርስቲያን ግቢ። ከዚያ ደባርቅ ገበያው መሐል፤ ሰው የስልክ ኔትዎርክ የምፈልግ መስሎት "ወደዚያ ከፍ በዪ፣ እዚያ ይይዛል" ይለኝ ነበር። ከዚያ ሊማሊሞ አናት። ከዚያ በሚኒባስ ጠመዝማዛውን ወርጄ አዲ አርቃይ መናኸሪያ። በየቦታው ቁጥሩን በጋሽ ተገኘ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ከወረቀቱ ካሬ ጋር አስተያየዋለሁ፤ አይገጥምም። አንዱ በብዙ ይበልጣል፤ ሌላው በብዙ ያንሳል። ተስፋ ቆረጥሁ። ካርታው እንዲያው የተዘበራረቀ ነው፣ የሚያድን የለውም ብዬ ደመደምሁ።

የቀረኝ ሳንቃ በር ነበር። ከደባርቅ በበቅሎ ወጣሁ፤ የፓርኩ ጥበቃ አያ ወርቁ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አጋድመው አብረውኝ ሄዱ። ገደሉ አፋፍ ስደርስ መለኪያውን አውጥቼ ዝም ብዬ ቆምሁ። አያ ወርቁ ትዕግሥታቸው አለቀ።

"አንቱ፣ ይኸ የያዙት ምንድን ነው?"

"ተራራውን መለኪያ ነው።"

"ተራራው ምን ሆነና ይለካል?"

"አዲስ አበባ ያለ ኮምፒውተር ከቦታው ሄዷል ይላል አያ ወርቁ።"

እግራቸውን ዓለቱ ላይ መታ መታ አደረጉ። "እኔ ሃያ ዓመት እዚሁ ስጠብቀው ነው የኖርሁ። ሲሄድ አላየሁም" አሉ። ጥቂት አሰቡና ደግሞ፣ "ሄደ ካለስ ወዴት ነው ሄደ የሚል?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ እኔ አልጠየቅሁም ነበር። "ቁጥሩ ስሕተት ነው" ስል ከረምሁ እንጂ ቁጥሩ የማን እንደሆነ አልፈለግሁም። ዓለቱ ላይ ተቀመጥሁና ወረቀቱን ዘረጋሁ። መለኪያው ለሳንቃ በር ያሳየኝን ከፍታ በካሬዎቹ መካከል ፈለግሁት። ካሬው የውስጡን ከፍተኛ ብቻ ስለሚይዝ ልክ በልክ አይሆንም፤ የቀረበው ግን ከሳንቃ በር ሁለት ካሬ ወደ ግራ፣ ወደ ምዕራብ ነበር። አዲ አርቃይን ፈለግሁ፤ ሁለት ካሬ ወደ ምዕራብ። ሊማሊሞ፤ ሁለት ካሬ ወደ ምዕራብ። ዳባት፣ ደባርቅ፤ ሁሉም ሁለት ካሬ ወደ ምዕራብ። ቁጥሮቹ አንድም ስሕተት የለባቸውም። አገሩ እንዳለ ከሥሩ ተነሥቶ ተንሸራቷል። ተራራው በመኪና መንገዱ ላይ፣ በደባርቅ ላይ ቆሟል። አውሮፕላናችን በመንገዱ ላይ ሲበር የጮኸውም ለዚያ ነው።

"ወደ ደባርቅ ነው የሄደው አያ ወርቁ" አልኋቸው። እየሳቅሁ እንባዬ መጣ።

ሳቄ ግን ወዲያው ተቋረጠ። ከዳባት በላይ ያለውን፣ ናሆም አውድማ ያየበትን ኮረብታ በወረቀቱ ላይ ፈለግሁ። ኮረብታውም ወደ ምዕራብ ሄዷል፤ በእውነተኛው ቦታው ላይ የተጻፈው ቁጥር የዝቅተኛ መሬት ቁጥር ነው። ይህ ማለት ካርታችን ምንም በሌለበት ይጮኻል፤ መሬቱ በቆመበት ደግሞ ጸጥ ይላል። ያ ሁሉ ጩኸት፣ "እኔ ተሳስቻለሁ፣ እዩኝ" የሚል ነበር። ጩኸቱን ብፈልገው ኖሮ ዝምታውንም አገኘው ነበር። ናሆምን ያተረፈው በእውነተኛው አውሮፕላን ውስጥ ያለው ካርታ ልክ ስለነበረና አንድ ሽማግሌ ስለሰማው ብቻ ነው።

አዲስ አበባ ስመለስ ካርታው ሲጫን የተጻፈውን መመሪያ አወጣሁ። የካርታው መነሻ መስመር ላይ አንድ ቁጥር ተዛብቷል። ሲጫን ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጥሁት እኔ ነበርሁ፤ ያዛባሁት እኔ ልሁን ወይም ተዛብቶ የመጣ ይሁን ዛሬም አላውቅም። ማስተካከሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚያ ሰዓቴን አውልቄ፣ እጄን ታጥቤ ወንበሩ ላይ ተቀመጥሁና መስመሩን ከአክሱም እስከ ጎንደር አበረርሁት። አንድ ጊዜ አይደለም። ደብተሩ አራት ገጽ ሞላ። በአምስተኛው ቀን አቶ ዳንኤልንና ናሆምን ጠራሁ። ናሆም መሪውን ያዘ፤ አቶ ዳንኤል ከኋላው ቆሙ። ሊማሊሞን ተሻገርን፤ ጸጥ አለ። ደባርቅን አለፍን፤ ጸጥ አለ።

"ማፈኛው በርቷል እንዴ?" አሉ አቶ ዳንኤል።

"ጠፍቷል። እዩት።" ከዚያ ናሆምን፣ "አሁን ወደ ግራ ታጠፍ" አልሁት።

የት እንደምወስደው ገብቶታል። ታጠፈ። መስኮቱን ደመና አለበስሁት። አውሮፕላኑ በጭፍን ወደ ኮረብታው ሄደ። "ቴሬን! ቴሬን! ፑል አፕ!" ናሆም መሪውን ወደ ደረቱ ሳበ፤ እግሮቹ ክፍሉን ወደ ኋላ ጣሉት፤ አቶ ዳንኤል ግድግዳውን ጨበጡ። ስንረጋ ናሆም መሪውን አልለቀቀም።

"ድጋሚ" አለ።

ሰባት ጊዜ ወደዚያ ኮረብታ ሄደ። በሰባተኛው እጁ ወደ ማፈኛው ሊሄድ እንኳ አላሰበም፤ ድምፁ ሳያልቅ አፍንጫው ቀና ብሎ ነበር። አቶ ዳንኤል እስከ መጨረሻው ቆመው አዩት። ሲወጡ "ዝርዝሩን አምጪው" አሉኝ። እሳቸውም በበኩላቸው አንቺ አሉኝ፤ በዚህኛው ግን አልከፋኝም።

ከአሥራ ስድስቱ አሥራ አምስቱ መጡ። ኩባንያዎቹ አጉረመረሙ፤ አቶ ዳንኤል ግን ስልኩን ራሳቸው እያነሡ "ያስተማርናቸው ስሕተት ነበር" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንደኛው ወደ ውጭ አገር ሄዶ ነበር፤ አድራሻውን አፈላልጌ ጻፍሁለት፤ መለሰልኝም። አሥራ አምስተኛው ሰው ከሲሙሌተሩ በወጣ ቀን ቀዩን ካርድ በእጄ አወረድሁት።

በዚያው ሳምንት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። ያለ ኃላፊ ፈቃድ ሥራ በማስቆም የተሰጠ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። አቶ ዳንኤል ናቸው የሰጡኝ። "ደንብ ነው" አሉ፤ ዓይኔን አላዩኝም። "ይገባኛል" ብዬ ተቀበልሁ። ተገቢ ነው ግን አላልኋቸውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ሁለት አለቃ ተቀየረ፤ አንድ አዲስ ሲሙሌተር መጣ። "ጩኸት በዛ፣ አጥፊው" የሚል ሰው በየጊዜው አይጠፋም ነበር። አንዳቸውም አላስጠፉኝም። ስብሰባ ላይ "እሷ ካለች አያልቅም" ይሉ ነበር። አያልቅም ነበር፤ ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሰው ኃይል ክፍሏ ወጣት ማኅደሬን ዘርግታ ትጠብቀኝ ነበር። መፈረሚያዎቹን አንድ በአንድ አሳየችኝ። መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"እማማ ትርንጎ፣ ማኅደርዎ ውስጥ አንድ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አለ። ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ አሁን ላወጣልዎት እችላለሁ። በንጹሕ ማኅደር ቢሰናበቱ አይሻልም?"

"አታውጪው።"

"ማንም አይጠይቀኝም እኮ። አንድ ወረቀት ነው።"

"ልጄ" አልኋት፣ "እኔ በሕይወቴ አንድ ማስጠንቀቂያ አጥፍቻለሁ። ሁለተኛ አላጠፋም።"

ምን እንዳልሁ አልገባትም፤ ቀና ብላ ፊቴን አየች። ከዚያ ደብዳቤውን መልሳ ከነበረበት ከተተችውና ማኅደሩን ዘጋችው።